ላዳ ወይስ ሱፕራ? አሮጌዋ ሴዳንና አዲሷ ስፖርት መኪና ሲነጻጸሩ

አንዷ ከቆመችበት ተነስታ በሰዓት 100 ኪሎ ሜትር ለመድረስ 20 ሰከንድ ገደማ ይፈጅባታል። ሌላዋ 4.3 ሰከንድ ይበቃታል። የመጀመሪያዋ ላዳ 2101፣ ሁለተኛዋ ቶዮታ ጂአር ሱፕራ ናት። ቪዲዮ ብቻ ለሚያይ ሰው ጨዋታው እዚህ አለቀ። መንገዱን ስንጨምርበት ግን ነገሩ ይለወጣል።

🔹 ከየት መጡ?

ሁለቱም የተዋሱት ነገር አለ። ላዳ 2101 እ.ኤ.አ. በ1970 በሶቪየት ኅብረት ቶግሊያቲ ከተማ መመረት ስትጀምር መሠረቷ የጣሊያኑ ፊያት 124 ነበር። እ.ኤ.አ. በ2019 የመጣችው ሱፕራም ቶዮታ ትባል እንጂ ሞተሯ የቢኤምደብሊው ነው፤ የተገጣጠመችውም ኦስትሪያ ነው።

የአዲስ አበባ ሰማያዊና ነጭ ላዳዎች ሁሉም 2101 አይደሉም። ግን ዘራቸው አንድ ነው።

🔹 በቁጥር

▪️ ላዳ፦ 1.2 ሊትር፣ 4 ሲሊንደር፣ 64 የፈረስ ጉልበት፣ 4 ማርሽ፣ ክብደት 955 ኪሎ ገደማ፣ ከፍተኛ ፍጥነት 140
▪️ ሱፕራ፦ 3 ሊትር ቱርቦ፣ 6 ሲሊንደር፣ በአውሮፓ ገበያ 340 የፈረስ ጉልበት፣ 8 ማርሽ አውቶማቲክ፣ ክብደት 1,500 ኪሎ ገደማ፣ ከፍተኛ ፍጥነት 250

በላዳ አንድ የፈረስ ጉልበት 15 ኪሎ ይጎትታል፤ በሱፕራ 4.4 ኪሎ ብቻ።

🔹 እንጦጦ ዳገት ላይስ?

አዲስ አበባ ከባሕር ጠለል በላይ 2,300 ሜትር ገደማ ላይ ስላለች አየሯ ስስ ነው። ካርቡሬተር ያላት ላዳ የምትስበው አየር ስለሚያንሳት ጉልበቷ ከ64 ወደ 50 አካባቢ ይወርዳል። ቱርቦ ግን አየሩን ጨምቆ ስለሚያስገባ ሱፕራ የምታጣው በጣም ትንሽ ነው። ዳገት ላይ ልዩነቱ ይብሳል እንጂ አይጠብም።

🔹 ኮረኮንች ላይስ?

እዚህ ላዳ ታሸንፋለች። ሶቪየቶች ፊያቷን ሲወስዱ ለመጥፎ መንገድ ብለው ከ800 በላይ ለውጥ አድርገውባታል፦ ቆርቆሮው ወፍሯል፣ ከመሬት ያላት ከፍታም ጨምሮ 17 ሳንቲ ሜትር ገደማ ሆኗል። ሱፕራ 12 ገደማ ናት፤ የሰፈራችን ጉድጓድ ያስለቅሳታል። በዚያ ላይ ሱፕራ የምትይዘው 2 ሰው ነው፣ ላዳ 5።

🔹 ብትበላሽስ?

የላዳን ኮፈን ስትከፍቱ ሁሉም ነገር ይታያል። ካንዴላ መቀየር፣ ካርቡሬተር ማጽዳት የሰፈር መካኒክ ሥራ ነው። ባትሪ ቢደክም እንኳ ከፊት በእጅ በሚዞር ብረት ትነሳለች። ብዙ ሹፌር ልጆቹን ያሳደገባት ለዚህ ነው። ሱፕራ ግን ጥፋቷን የምትናገረው ለኮምፒውተር ነው።

🔹 ሕይወት ላይ ግን ቀልድ የለም

ላዳ 2101 ኤርባግ የላትም፣ ድንገት ፍሬን ሲያዝ ጎማ እንዳይቆለፍ የሚያደርገው ኤቢኤስም የላትም። ሱፕራ ሁለቱም አላት፤ ከፊቷ አደጋ ስታይም ራሷ ፍሬን ትይዛለች። ፍጥነት እጥፍ ሲሆን ፍሬን ከተያዘ በኋላ ለመቆም የሚያስፈልገው ርቀት አራት እጥፍ እንደሚሆን አትርሱ። ስለዚህ «የድሮ መኪና ብረቷ ወፍራም ነው፣ አትጎዳም» የሚባለው አያዋጣም፤ ወፍራም ብረት ግጭቱን ወደ ተሳፋሪው ያሳልፋል። አሮጌ ላዳ ለመግዛት ካሰባችሁ ከቀለሟ በፊት ፍሬኗን፣ ጎማዋንና ቀበቶዋን አስፈትሹ።

🔹 ማጠቃለያ

በ2016 ዓ.ም መንግሥት የነዳጅ የቤት መኪና እንዳይገባ ስለከለከለ ሱፕራ ለአብዛኞቻችን የስልክ ላይ መኪና ሆና ትቀራለች። ፍጥነትና ደህንነት ካላችሁ መልሱ ሱፕራ ነው። በትንሽ ገንዘብ ተጠግና፣ በኮረኮንች ሄዳ እንጀራ የምታበላ ካላችሁ ደግሞ ላዳ።

እናንተስ በላዳ ስትሄዱ የማትረሱት ገጠመኝ አላችሁ? ኮሜንት ላይ አጫውቱን 👇