ዓይን የበዛበት ልጅ

በ1860 ዓ.ም. መጀመሪያ አፄ ቴዎድሮስ ደብረ ታቦርን አቃጥለው፣ ጋፋት ላይ ያሠሩትን ሴባስቶፖል በሰው ጉልበት እያስጎተቱ ወደ መቅደላ አቀኑ። ሚያዝያ 6 ቀን እጅ ከመስጠት ሞትን መረጡ። ከዚያ በኋላ የሆነውን ዘወትር የምናወሳው በተዘረፈው ብራና፣ ታቦትና ዘውድ ነው። ከዝርፊያ የማይቆጠር፣ ነገር ግን አብሮ የተወሰደ ሌላ ነገር ደግሞ አለ፤ እርሱም መልክ ነው።

ከብሪቲሽ ሙዚየም ከጦሩ ጋር የመጣው ሪቻርድ ሆምስ የሟቹን ንጉሥ ፊት ሳለ። ከራሳቸውም ላይ ጠጉር ተቆረጠ። ጠጉሩ ከ150 ዓመት በኋላ፣ በመጋቢት 2011 ዓ.ም. ከለንደን ተመልሷል።

ልጃቸው ዓለማየሁ ግን ገና የ7 ዓመት ሕፃን ነበር። እናቱ እቴጌ ጥሩወርቅ ውቤ በጉዞ ላይ ስለ ሞቱ፣ ካፒቴን ስፒዲ በተባለ መኮንን እጅ እንግሊዝ ገባ። በሐምሌ ወር፣ በዋይት ደሴት፣ ዝነኛዋ ጁሊያ ማርጋሬት ካሜሮን ፎቶግራፍ አነሣችው። ስፒዲም የሐበሻ ልብስ ለብሶ አብሮት ተነሣ። ልጁ እናቱን ካጣ ገና ሁለት ወር ያህል ነበር። «ይቅርበት» የሚል ዘመድ አጠገቡ አልነበረም።

ዓለማየሁ በኅዳር 1872 ዓ.ም. ሊድስ ከተማ ውስጥ በ18 ዓመቱ አረፈ። ንግሥት ቪክቶሪያ በዕለት ማስታወሻቸው፣ ልጁ በቆዳው ቀለም ምክንያት ሰው ሁሉ ትክ ብሎ የሚያየው እየመሰለው ይሰቀቅ እንደ ነበር ጽፈዋል። እየመሰለው! ከሕፃንነቱ ጀምሮ ዓይን ለበዛበት ልጅ ነገሩ መምሰል ብቻ ነበርን?

አጽሙ ዛሬም ዊንዘር ነው። እንዲመለስ የቀረበውን ጥያቄ የእንግሊዝ ቤተ መንግሥት በ2015 ዓ.ም. አልተቀበለውም። ፎቶግራፉ ግን በኢንተርኔት ዓለምን ይዞራል። እዚህ ላይ አንድ ያልታሰበ ነገር አለ። ሥዕሉ በአንድ ገጽ ላይ ቢታይም ማደሪያው ሌላ አገር ሊሆን ይችላል። የደብረ ታቦር ተማሪ ገጹን ሲከፍት፣ ስልኩ ሥዕሉን ከሩቁ ኮምፒዩተር ይጠይቃል፤ ያም ኮምፒዩተር የጠያቂውን የኢንተርኔት አድራሻና ሰዓቱን መመዝገብ ይችላል። ባለ መልኩ ሳይጠየቅ ታየ፤ ተመልካቹም ሳያውቅ ይታያል። ብዙ ሰው ተባብሮ የሚጽፈው ውክፔዲያ ሥዕሎቹን ከሌላ ቤት ከመሳብ ይልቅ በራሱ ጎተራ ማስቀመጡ ይህን ቀዳዳ ይደፍነዋል።

ፎቶግራፉን አንመልከት አልልም፤ ታሪካችን ነውና። ነገር ግን ስናትመው ከሥሩ የልጁን ስም፣ መቼና በምን ሁኔታ እንደ ተነሣ እንጻፍ። አጽሙን ማምጣት በሌሎች ፈቃድ ላይ የተንጠለጠለ ነው። መልኩን እንደ ሰው መልክ ማክበር ግን የማንንም ፈቃድ አይጠይቅም።