ለፊደል አስቆጣሪ ማን ይመስክር?

ድጓ የተማረ ሰው በራሱ ፈቃድ ተነሥቶ የድጓ መምህር ነኝ አይልም። ዓመታት የፈጀበትን ትምህርት ይዞ ወደ ጋይንት፣ ወደ ቤተልሔም ይሄዳል፤ እዚያ እንደገና ይዘልቃል፣ ይታረማል፣ ይፈተናል፣ ሲበቃም ይመሰከርለታል። ዝማሬ መዋሥዕት የሚያስተምርም ዙር አምባን ሳይረግጥ የተሟላ መምህር አይባልም። ሁለቱም ጉባኤ ቤቶች የሚገኙት በዛሬው ደቡብ ጎንደር ነው። መምህርን ማሠልጠን፣ መፈተንና ለወንበር ማብቃት ለዚህ ምድር እንግዳ ነገር አይደለም፤ ሰርተፍኬትና ዲፕሎማ የሚባሉት ከመምጣታቸው እጅግ በፊት ሥር የሰደደ ሥርዓት ነው።

ፊደል ለሚያስቆጥረው ግን መመስከሪያ አልነበረውም። በደብሩ ቅጥር ግቢ፣ በዛፍ ጥላ ሥር ሕፃናትን ሰብስቦ ሀሁ የሚያስቆጥረው የኔታ አብዛኛውን ጊዜ ቅዳሴውንም እርሻውንም ደርቦ የሚሠራ ሰው ነው። የአምስት ዓመት ልጅ እንዴት እንደሚማር ያውቃል ወይ ብሎ የጠየቀ የለም። ትምህርቱ ከፍ ባለ ቁጥር የመምህሩ ፈተና ይጠብቃል፤ ልጁ ባነሰ ቁጥር ማንም ያስተምረው ይባላል። ይህ ልማድ ከቤተ ክህነት ወደ ዘመናዊው ትምህርት ቤት ሳይነካ ተሻገረ፤ መንግሥታት ሲለዋወጡም አልተለወጠም።

የኔታን ማቃለል ግን አይገባም። በቄስ ትምህርት ቤት ልጁ በራሱ ፍጥነት ይሄዳል፤ ሀሁን የጨረሰ ወደ አቡጊዳ፣ ከዚያ ወደ መልእክተ ዮሐንስ፣ ሲጠና ወደ ዳዊት ይሻገራል። ጓደኛው ስለቀደመው አይወድቅም፣ እሱ ስለቀደመም ሌላውን አይጠብቅም። ሃያ ሠላሳ ልጅ በአንድ መምህር ሥር ሲሆን ፊደል የለየው ታላቅ ልጅ ገና የጀመረውን ታናሽ ያስቆጥራል፤ ስንደዶ ይዞ በገበታው ላይ ፊደሏን እየነካ፣ በዜማ እየመራ። ያቺ ዜማ ለሕፃን ትልቅ ነገር ናት፤ ዓይኑ ፊደሉን፣ ጆሮው ድምፁን፣ ጣቱ ቅርጹን በአንድ ጊዜ ይይዛሉ። የጎደለውም ግልጽ ነው። አለንጋውና ኩርኩሙ አለ፤ ጨዋታ የለም፤ ሴቶች ልጆች ጥቂት ነበሩ፤ ልጁ የሚያነበውን ግእዝ ትርጉሙን ሳያውቅ ዓመት ሁለት ዓመት ይገፋል። ከትውልድ ትውልድ የተላለፈ ጥበብ ነበረ፤ ጥበቡን ከአለንጋው ለይቶ የሚያስተምር ማሠልጠኛ ግን አልነበረም።

በአውሮፓ ስልት የሚሰጥ ሥልጠና ወደዚህ ምድር ሲመጣም ለሕፃናት አስተማሪ አልነበረም። የደቡብ ጎንደር ዋና ከተማ ደብረ ታቦር ራስ ጉግሣ የቆረቆሯት፣ የየጁ መሳፍንት የተቀመጡባት፣ አፄ ቴዎድሮስም አፄ ዮሐንስም የከተሙባት ከተማ ናት። ከከተማዋ አጠገብ ባለችው ጋፋት ቴዎድሮስ በ1850ዎቹ የአውሮፓ የእጅ ባለሙያዎችን አስቀምጠው መድፍ አስቀለጡ፤ ሴባስቶፖል የተሠራችው እዚያ ነው። በአውሮፓ ስልት እዚያ የተሰጠው የሙያ ሥልጠና መድፍ ማቅለጥ ሆነ። በዘመኑ የነበረውን ጭንቅ ለሚያውቅ ይህ አያስገርምም።

ያኔ በጀርመን ፍሪድሪክ ፍሮብል መንገዱን ከፍቶ ነበር። እ.ኤ.አ. በ1840 ለሕፃናት መጫወቻና መማሪያ የሚሆነውን ቤት አፀደ ሕፃናት የሚል ስም ሰጥቶ አቋቋመ፤ አሥር ዓመት ሳይሞላም ወጣት ሴቶችን ለዚሁ ሥራ ማሠልጠን ጀመረ። ለፍሮብል ቤቱና አስተማሪዋ አይነጣጠሉም፤ ልጅ በጨዋታ የሚማረው ጨዋታውን የምታውቅ፣ ለምን እንደምታጫውት የገባት ሰው ስትኖር ነው። ሐሳቡ ወደ ኢትዮጵያ የገባው ግን ተቆርሶ ነው፤ ቤቱ ቀድሞ መጣ፣ ሥልጠናው ወደ ኋላ ቀረ። በ20ኛው መቶ ክፍለ ዘመን መባቻ በድሬዳዋ ለባቡር ሐዲዱ የፈረንሳይ ባለሙያዎች ልጆች የተከፈተው መዋለ ሕፃናት በአገራችን የመጀመሪያው እንደሆነ ይነገራል። ቀጥሎ በአዲስ አበባ የውጭ ማኅበረሰብ ትምህርት ቤቶች የየራሳቸውን ከፈቱ። ልጆቹም አስተማሪዎቹም ባብዛኛው የውጭ ሰዎች ነበሩ።

መንግሥት መምህር ማሠልጠን የጀመረው በ1936 ዓ.ም. በአዲስ አበባ ነው። ሐረርና ደብረ ብርሃን ተከተሉ፤ በ1960ዎቹ አጋማሽ ደግሞ በባሕር ዳር የፔዳጎጂ አካዳሚ ተቋቋመ። አካዳሚው በዩኔስኮ ድጋፍ የማሠልጠኛ ተቋማትን መምህራን፣ ማለትም የመምህራንን መምህራን ያፈራ ነበር። ሁሉም አስፈላጊ ነበሩ፤ የሠለጠነ አንደኛ ደረጃ መምህር በጠፋበት አገር ሌላ ምርጫ አልነበረም። ግን በዚህ ሁሉ መሰላል ከአንደኛ ክፍል በታች ያለው ደረጃ አልተሠራም። በንጉሡ ዘመን አፀደ ሕፃናት የከተማ፣ ይልቁንም የአዲስ አበባ ጉዳይ ሆኖ አለፈ።

በዚያው ዘመን ማብቂያ አካባቢ በፎገራ አንድ ለየት ያለ ነገር ተጀመረ። በ1964 ዓ.ም. ዙምራ ኑሩና ጥቂት ተከታዮቻቸው አውራ አምባን መሠረቱ። ከወረታ ወደ ደብረ ታቦር በሚወስደው መንገድ ወጣ ብሎ ያለው ይህ መንደር ስሙ የገነነው በሴትና በወንድ እኩልነቱና በሸማ ሥራው ነው። እኔን የሚገርመኝ ግን የሕፃናቱ ቤት ነው። ማኅበረሰቡ ለአረጋውያን መጦሪያ፣ ለሁሉም ቤተ መጻሕፍት፣ ለትንንሾቹ ደግሞ የራሱን አፀደ ሕፃናት አቆመ፤ ከአባላቱ መካከል ትምህርት የቀመሱት እያስተማሩ። ሕፃን ከላም ኋላ መዋል አለበት በሚባልበት የገጠር አገር፣ የሕፃን መብት የመንደሩ መተዳደሪያ አንዱ ምሰሶ ሆነ። አባላቱ በደርግ ጊዜ ከቀያቸው ተሰደው ወደ ደቡብ ወርደው ነበር፤ ተመልሰውም ያንኑ ቀጠሉ። እዚያ የሚያስተምሩት በኮሌጅ የሠለጠኑ አልነበሩም፤ የኔታ ያልነበረውን ነገር ግን ይዘው ነበር። ሕፃኑን የሚመለከት የጋራ ሐሳብ ነበራቸው፤ የሚያስተምሩትም ያንን ሐሳብ ተስማምተውበት ነው። ሥልጠና ማለት ከዚህ ቢነሣ ጥሩ ነበር።

ደርግ መዋለ ሕፃናትን በቀበሌ አስፋፋ። በከተማ ነዋሪዎች ማኅበራት አማካይነት የተከፈቱት ቤቶች ሥራ ለሚሄዱ እናቶች ዕፎይታ ሆኑ፤ ለአስተማሪዎቻቸውም አጭር፣ በወራት የሚቆጠር ሥልጠና ይሰጥ ጀመር። በ1971 ዓ.ም. የተጀመረው የመሠረተ ትምህርት ዘመቻም እስከ ደጋው ጫፍ ድረስ ፊደል አዳረሰ፤ የታለመው ግን ለአዋቂዎች ነበር። የ1986ቱ የትምህርትና ሥልጠና ፖሊሲ አፀደ ሕፃናትን በወረቀት አወቀ፤ ገንዘቡንና ሥራውን ግን ለግል ባለሀብቶች፣ ለአብያተ ክርስቲያናትና ለበጎ አድራጎት ድርጅቶች ተወ። ውጤቱ የሚጠበቅ ነበር። ደብረ ታቦር ከተማ ውስጥ ነርሰሪና ኬጂ ተከፈተ፤ በፋርታ፣ በእብናትና በስማዳ ገጠር ውስጥ ግን ይህ ነው የሚባል ነገር አልነበረም።

ትልቁ ለውጥ የመጣው በ2002 ዓ.ም. ነው። የትምህርት፣ የጤናና የሴቶች ጉዳይ ሚኒስቴሮች በጋራ የቀዳማይ ልጅነት እንክብካቤና ትምህርት የፖሊሲ ማዕቀፍ አወጡ። ማዕቀፉ ወላጆችን ማስተማርን፣ የሕፃናትን ጤናና ማነቃቃትን፣ አፀደ ሕፃናትንና መደበኛ ያልሆነ የትምህርት ዝግጅትን አንድ ላይ አያያዘ። ለገጠሩ ሁለት መንገድ አበጀ። አንዱ በአንደኛ ደረጃ ትምህርት ቤት ቅጥር ውስጥ የሚከፈተው ኦ ክፍል፣ ሕዝቡ ዜሮ ክፍል የሚለው ነው። ሌላው ታላላቅ ተማሪዎች በመምህር ክትትል ታናናሾቻቸውን እያጫወቱ የሚያስተምሩበት ዘዴ ነው። የቄስ ትምህርት ቤትን የሚያውቅ ሰው ይህንን ሁለተኛውን በደንብ ያውቀዋል። ባለሙያዎቻችን ሲያሠለጥኑ ከስንደዶውና ከገበታው ተነሥተው ቢያስረዱት ለገበሬው ወላጅ ወዲያው በገባው ነበር።

ኦ ክፍል እንደ ሰደድ እሳት ተስፋፋ። ማዕቀፉ ሲወጣ በአገር ደረጃ የቅድመ መደበኛ ተሳትፎ ከመቶ አሥር አይሞላም ነበር፤ በአምስት ዓመት ውስጥ ከሲሶ አለፈ። እዚህ ላይ ግን አሮጌው ልማድ ተመልሶ መጣ። ክፍሉ ተከፈተ፣ ልጆቹ ገቡ፣ አስተማሪዋ ግን ከየት?

ከጉና ተራራ ሥር ያለ አንድ ኦ ክፍል እንመልከት። ጠዋት ብርዱ አልለቀቀም፤ ስልሳ ሰባ ልጅ ለትልልቆች በተሠራ አግዳሚ ላይ እግሩን አንጠልጥሎ ተቀምጧል። አስተማሪዋ አሥረኛ ክፍል የጨረሰች የዚያው ቀበሌ ልጅ ናት፤ የጥቂት ቀናት ማስተዋወቂያ ወስዳ ይሆናል፣ ላይሆንም ይችላል። የምታውቀው ትምህርት እሷ አንደኛ ክፍል የተማረችበት ነው። ስለዚህ ሰሌዳው ላይ ትጽፋለች፣ ልጆቹ በአንድ ድምፅ ይመልሳሉ፣ የኋላው ረድፍ ያሸልባል። የሠለጠነች ብትሆን ግን ልጆቹን በክብ ታስቀምጣለች፤ ባቄላ በእፍኝ ሰጥታ አምስቱን ለዩ ትላለች፤ ፊደሉን በጣታቸው አፈር ላይ ታስጽፋቸዋለች፤ ተረት ጀምራ መጨረሻውን እነሱ እንዲነግሯት ትጠይቃለች። ነሐሴ 13 ቀን ቡሄ ሲመጣ ሆያ ሆዬን የሚያወጣ፣ የሚቀበል፣ የሚደረድር ልጅ ምን ያህል ማስታወስና መፍጠር እንደሚችል ለዚህ አገር ሰው መንገር አያሻም፤ ያንን ችሎታ ወደ ክፍል የምታስገባው ግን ያሠለጠኗት ናት። ደግሞ አንድ ነገር አለ። ደቡብ ጎንደር ትራኮማ ክፉኛ ከሚያጠቃቸው የዓለም አካባቢዎች አንዱ ነው። በየጠዋቱ ፊት የምታስታጥብ፣ ዓይኑን የሚያሸውን ልጅ ለይታ እናቱን ጤና ኬላ የምትልክ አስተማሪ ከፊደሉ የማያንስ ሥራ ሠርታለች። ይህም የሚማሩት ነገር ነው።

አይቻልም የሚል ካለ ጤና ኬላውን ይመልከት። በ1995 ዓ.ም. የተጀመረው የጤና ኤክስቴንሽን ፕሮግራም ከየቀበሌው አሥረኛ ክፍል ያጠናቀቁ ወጣት ሴቶችን መልምሎ አንድ ዓመት አሠለጠነ፤ በየቀበሌው ሁለት ሁለት አድርጎ በመንግሥት ደመወዝ ቀጠረ፤ በአገር ደረጃ ከ30 ሺህ በላይ ሆኑ። የእናቶችና የሕፃናት ሞት እንዲቀንስ የነበራቸው ድርሻ ማንም የማይክደው ነው። እንግዲህ ከአንድ ቀበሌ፣ ከአንድ ክፍል፣ ምናልባትም ከአንድ ቤት ከወጡት ሁለት እኅትማማቾች አንዷ ዓመት ሠልጥና ባለሙያ ስትባል፣ ሌላዋ ያለ ሥልጠና በኅብረተሰቡ መዋጮ እየተከፈላት ስልሳ ሕፃን ይዛ ትውላለች። ልዩነቱን ያመጣው አንደኛው ሙያ ነው ተብሎ ሌላው አይደለም መባሉ ነው። እ.ኤ.አ. በ2016 የተካሄደው የሥነ ሕዝብና ጤና ጥናት በአማራ ክልል ከአምስት ዓመት በታች ካሉ ሕፃናት ከመቶ 46ቱ የቀነጨሩ መሆናቸውን አሳይቷል፤ ልጁ ኦ ክፍል ሲደርስ የተጎዳው ተጎድቷል። ሁለቱ እኅትማማቾች አብረው መሠልጠን ያለባቸውም ለዚህ ነው።

ከተማ ውስጥ ችግሩ ሌላ መልክ አለው። በኬጂዎቹ «ሚስ» የምትባለው ወጣት ሰርተፍኬት ቢኖራትም ወላጅ የአራት ዓመት ልጁ እንግሊዝኛ ፊደል በደብተር ሞልቶ እንዲመጣለት ይፈልጋል። ያልሠለጠነች ለወላጁ ትገዛለች፤ በደንብ የሠለጠነች ልጁ ለምን በጭቃ እንደሚጫወት ታስረዳለች። ሞግዚቷ ደግሞ ጭራሽ የተረሳች ናት። ከጋይንትና ከእብናት ወጥተው በባሕር ዳር፣ በአዲስ አበባ፣ አልፎም በዓረብ አገር የሰው ልጅ የሚያሳድጉ ልጃገረዶች ስንት ናቸው? በ2010 ዓ.ም. የወጣው የፌዴራል የመንግሥት ሠራተኞች አዋጅ መሥሪያ ቤቶች የሕፃናት ማቆያ እንዲኖራቸው ደንግጓል፤ ማቆያውን የሚይዙ እጆችም ሥልጠና ይሻሉ።

የሚያሠለጥን ተቋም የለም አይባልም። የአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ በቀዳማይ ልጅነት ትምህርት እስከ ድኅረ ምረቃ ያስተምራል። ደብረ ታቦርም በጌምድር መምህራን ትምህርት ኮሌጅና በ2004 ዓ.ም. ማስተማር የጀመረ ዩኒቨርሲቲ አላት። በ2015 ዓ.ም. የጸደቀው አዲሱ ፖሊሲ ደግሞ የሁለት ዓመት ቅድመ አንደኛ ደረጃን የመደበኛው ትምህርት አካል አድርጎታል። በወረቀት ደረጃ የቀረ ነገር ጥቂት ነው። የሰሜኑ ጦርነት ግን ደረሰ። በ2013 ዓ.ም. ክረምት ነፋስ መውጫ በጦርነቱ ተያዘች፣ ደብረ ታቦርም በከባድ መሣሪያ ተደበደበች፤ ከ2015 ማብቂያ ጀምሮ በክልሉ በቀጠለው ግጭት በሚሊዮን የሚቆጠሩ ልጆች ከትምህርት ገበታ ውጭ ሆኑ። ኦ ክፍል ያመለጠው ልጅ ስምንት ዓመት ሆኖት ከስድስት ዓመት ሕፃን ጋር አንድ አግዳሚ ላይ ይቀመጣል፤ ተኩስ የሰማ፣ ዘመድ የቀበረ ልጅ ነው። ይህን ልጅ መያዝ እስካሁን ከተጠቀሱት ሥልጠናዎች ሁሉ የከበደ ትምህርት ይጠይቃል።

ሥልጠናው በክረምት ኮርስ ይሰጥ ቢባል ለኦ ክፍሏ የቀበሌ አስተማሪ አይመቻትም፤ ክረምት የእርሻና የአረም ጊዜ ነው፣ ጀርባዋ ላይም ሕፃን ሊኖር ይችላል። ኮሌጁ ወደ እሷ ቢሄድ ይሻላል፤ በየክላስተር ማዕከሉ፣ ልጆቹ ባሉበት፣ ያየችውን በማግሥቱ ራሷ እየሞከረች፣ በዓመቱ መጨረሻ ደግሞ ማስተማሯ ታይቶ ሰርተፍኬት እየተሰጣት። ሰርተፍኬቱ የደመወዝ እርከን ካላስከተለ ግን የሠለጠነችው በሁለተኛ ዓመቷ ሌላ ሥራ ፈልጋ ትሄዳለች፤ ቀበሌውም እንደገና ያልሠለጠነች ይፈልጋል።