«ሃርድ ዲስኩ የለም»፦ መጥሪያ ሳይደርሰው የሚፈረድበት ማሽን

የዛሬው ጽሑፍ ከሰሞኑ ወሬ የራቀ ይመስላል፤ ነገር ግን አይደለም። ስለ ኮምፒውተር ነው፤ ከዚያም በላይ ደግሞ እኛ ዕቃን፣ ሙያንና ሰነድን እንዴት እንደምንይዝ ነው። ዓመቶቹ ሁሉ በእኛ አቆጣጠር ናቸው።

ከልደታ እንጀምር። ከቦሌ በፊት የአዲስ አበባ አውሮፕላን ማረፊያ ልደታ ነበር። «ኦልድ ኤርፖርት» የምንለው ሰፈር ስሙን ያገኘው ከዚያ ነው። የኢትዮጵያ አየር መንገድ በ1938 ዓ.ም. በሲ-47 አውሮፕላኖች ሥራ ሲጀምር የሚነሳው ከልደታ ሜዳ ነበር። የጄት ዘመን ሲመጣ ግን ሜዳው አልበቃም። አየር መንገዱ ላዘዛቸው ቦይንግ 720ቢ ጄቶች የሚሆን ማኮብኮቢያ ስላልነበረ ቦሌ ተሠራ፤ ጄቶቹም በ1955 ዓ.ም. በረራ ጀመሩ። ያኔ አዲሱን አውሮፕላን «ተበላሽቷል» ያለ ሰው አልነበረም። ችግሩ የአውሮፕላኑና የሜዳው ዘመን አለመገጣጠሙ መሆኑ ለሁሉም ግልጽ ነበር።

ዛሬ በየጥገና ቤቱ የምንሰማው ፍርድ ግን ሌላ ነው። ደንበኛው ላፕቶፑን «ፎርማት አድርጉልኝ» ብሎ ይሰጣል። ባለሙያው የዊንዶውስ ፍላሹን ሰክቶ ይጀምራል። ቋንቋ ይመርጣል፣ ይቀጥላል፤ ዲስክ ምረጥ የሚለው ገጽ ላይ ሲደርስ ዝርዝሩ ባዶ ነው። «ሃርድ ዲስኩ ሞቷል፤ ሌላ መግዛት አለብህ» ይባላል። አንዳንዱ ደንበኛ ብር ፈልጎ አዲስ ይገዛል። አሮጌው ደግሞ፣ የልጆቹ ፎቶ፣ የመመረቂያ ጽሑፉ፣ የድርጅቱ ሒሳብ እንዳለበት፣ መሳቢያ ውስጥ ይቀራል ወይም ከቆሻሻ ጋር ይሄዳል።

ብዙ ጊዜ ዲስኩ አልሞተም። ጫኙ ፕሮግራም ነው ያላየው። አለመታየትና አለመኖር ሁለት የተለያዩ ነገሮች ናቸው፤ የዚህ ጽሑፍ ጉዳይም ይኸው ልዩነት ነው።

በባትሪ የሚጠፋው ዲስክ

ታሪኩ ከአርባ ዓመት በላይ ዕድሜ አለው። አይቢኤም በ1975 ዓ.ም. ያወጣው ኤክስቲ የተባለው ኮምፒውተር 10 ሜጋባይት ሃርድ ዲስክ ነበረው። በ1976 ዓ.ም. መጨረሻ የመጣው ኤቲ ደግሞ አዲስ አሠራር አመጣ። ማሽኑ ዲስኩን በራሱ አያውቀውም ነበር፤ በውስጡ በቁጥር የተዘረዘሩ የዲስክ ዓይነቶች ነበሩ፣ ባለቤቱም የዲስኩን ቁጥር መርጦ ይነግረዋል። ያ ቁጥር የሚቀመጠው በትንሽ ባትሪ ኃይል በሚቆይ ማስታወሻ ላይ ነው። ባትሪው ሲያልቅ ማስታወሻው ይጠፋል፣ ዲስኩም «የለም» ይባላል። አንዲት መረሳት የሌለባት ትምህርት ያኔ ተገኘች፦ ሙሉ ጤነኛ ዲስክ በባትሪ ማለቅ ብቻ ከማሽኑ ዕይታ ሊሰወር ይችላል።

ቀጥሎ የመጣው የቁጥር ጣሪያ ነው። የድሮው ባዮስ 1024 ሲሊንደር፣ 16 ራስና 63 ሴክተር ድረስ ብቻ ይቆጥር ነበር። እያንዳንዱ ሴክተር 512 ባይት ስለሆነ፣ ሲባዛ 528 ሜጋባይት ገደማ ይሆናል። ከዚያ የሚበልጥ ዲስክ ሲገጠም ትርፉ አይታይም፤ አንዳንዴም ማሽኑ ይደነግጥና ይቆማል። ይህ ሲፈታ 137 ጊጋባይት ላይ ሌላ ጣሪያ መጣ። የመጀመሪያው ዊንዶውስ ኤክስፒ፣ ማሻሻያው ሳይጨመርበት፣ ከዚያ በላይ ማየት አይችልም ነበር። እያንዳንዱ ጣሪያ ሲሠራ «ማን ይህን ያህል ይሞላዋል?» የተባለበት ነበር፤ ጥቂት ዓመት ሳይቆይ ግን ተሞላ።

ኤክስፒና እኛ

ለእኛ ሀገር ዋናው ምዕራፍ የኤክስፒ ዘመን ነው። ኤክስፒ የወጣው በጥቅምት 1994 ዓ.ም. ነው። ሳታ የተባለው ቀጭን ኬብል የመጣው ደግሞ በ1995 ዓ.ም. ነው። ማለትም ሶፍትዌሩ ሲሠራ ሃርድዌሩ ገና አልተወለደም። ሳታ ዲስክ ያለው አዲስ ማሽን ላይ ኤክስፒ ለመጫን ሲሞከር፣ ወይ «ሃርድ ዲስክ አልተገኘም» ይላል፣ ወይ በታወቀው ሰማያዊ ገጽ በ«7ቢ» ስህተት ይቆማል። መፍትሔው ገና መጫን ሲጀምር «ኤፍ 6»ን ተጭኖ ሾፌሩን መስጠት ነበር። ያውም ከፍሎፒ ብቻ! አዲሶቹ ማሽኖች ደግሞ ፍሎፒ ማንበቢያ አልነበራቸውም። ባዮስ ውስጥ ገብቶ የሳታውን አሠራር ከ«ኤኤችሲአይ» ወደ «አይዲኢ» መቀየር ሌላው መንገድ ነበር፤ ብዙ ባለሙያ በቃሉ የያዘው ይህንን ነው።

ታዲያ ሰው ለምን ወደ አዲሱ ዊንዶውስ አልሄደም? አንዱ ምክንያት የገዛ ፊደላችን ነው። የግዕዝ ፊደል ዩኒኮድ ውስጥ የገባው በ1992 ዓ.ም. መባቻ ቢሆንም፣ ከዊንዶውስ ጋር የኢትዮጵያ ፊደል (ኒያላ የተባለው) አብሮ የመጣው በ1999 ዓ.ም. ከቪስታ ጋር ነው። ከዚያ በፊት ቢሮዎቻችን የሚጽፉት እንደ ፓወር ግዕዝና ቪዥዋል ግዕዝ ባሉ ሶፍትዌሮች ነበር። የዓመታት ደብዳቤ፣ ውልና ቃለ ጉባኤ በእነዚያ ተጽፏል። ሶፍትዌሩ የተለመደው ኤክስፒ ላይ ነው፣ ጸሐፊዋም የለመደችው እሱን ነው። ስለዚህ አዲስ ማሽን ሲገዛ አሮጌው ኤክስፒ እንዲጫንበት ይጠየቃል። ማሽኑ ጄት፣ ሶፍትዌሩ የልደታ ሜዳ! ማይክሮሶፍት ለኤክስፒ የሚሰጠውን ድጋፍ መጋቢት 30 ቀን 2006 ዓ.ም. አቆመ፤ ልማዱ ግን ከእኛ ጋር ቆየ።

ባዕድ ሀገር ማሽንና ሶፍትዌር አብረው ይገዛሉ፣ አብረውም ያረጃሉ። እኛ ጋ ማሽኑ አንዴ ከዱባይ በሻንጣ፣ አንዴ በእርዳታ፣ አንዴ በጨረታ ይመጣል፤ ሶፍትዌሩ ደግሞ ከእጅ ወደ እጅ በፍላሽ ይዞራል። ዘመናቸው የሚገጣጠመው በአጋጣሚ ነው። ለዚህ ነው «ዲስኩ አይታይም» የሚለው ችግር ለእኛ እንግዳ ያልሆነው።

ዛሬም ያው ታሪክ

በ2002 ዓ.ም. የወጣው ዊንዶውስ 7ም በተራው አረጀ። ኤንቪኤምኢ የተባለው ፈጣን ዲስክ መመዘኛው የወጣው በ2003 ዓ.ም. ነውና፣ ዊንዶውስ 7 ሲጫን ሾፌር ካልተጨመረለት አያየውም።

አሁን ያለንበት ምዕራፍ ደግሞ «ቪኤምዲ» ይባላል። ከ2013 ዓ.ም. መጀመሪያ ጀምሮ በመጡት የኢንቴል 11ኛ ትውልድና ከዚያ ወዲህ ባሉ ብዙ ላፕቶፖች፣ ዲስኩ በዚህ መቆጣጠሪያ በኩል ነው የሚገናኘው። የዊንዶውስ 10 ጫኝ ፍላሽ የቪኤምዲን ሾፌር አልያዘም፤ ስለዚህ ዝርዝሩ ባዶ ይሆናል። ኮምፒውተሩ አዲስ፣ ዲስኩ አዲስ፣ ፍላሹ ግን ያረጀ። ማይክሮሶፍት ለዊንዶውስ 10 የሚሰጠውን መደበኛ ድጋፍ ጥቅምት 4 ቀን 2018 ዓ.ም. ስላቆመ ብዙ ቢሮና ብዙ ቤት እንደ አዲስ መጫን ውስጥ ገብቷል። ባዶው ገጽ የሚያጋጥመው ሰውም ይበዛል።

ልደታ ፍርድ ቤት ምን ያስተምረናል?

ልደታ ዛሬ የሚታወቀው በፍርድ ቤቱ ነው። የ1958ቱ የፍትሐ ብሔር ሥነ ሥርዓት ሕግ ተከሳሽ በቀጠሮው ካልቀረበ ምን እንደሚደረግ ይናገራል። ዳኛው መጀመሪያ የሚያጣራው መጥሪያው በደንብ ደርሶታል ወይ የሚለውን ነው። ከደረሰው ጉዳዩ በሌለበት ይታያል። ካልደረሰው ግን ሁለተኛ መጥሪያ እንዲላክ ይታዘዛል። መጥሪያ ያልደረሰው ሰው «ቀረ» አይባልም።

ሾፌር ማለት የዲስክ መጥሪያ አድራሽ ነው። ጫኙ ፕሮግራም ጠርቶ መልስ ሲያጣ፣ መጠየቅ ያለበት «ሞተ ወይ?» ሳይሆን «መጥሪያው ደርሶታል ወይ?» ነው። አበው «ነገርን ከሥሩ፣ ውሃን ከጥሩ» ይላሉ። ከሥሩ እንየው፦

አንደኛ፦ ባዮስ ውስጥ ግቡ። ዲስኩ በስሙ ይታያል? ከታየ በሕይወት አለ ማለት ይቻላል፤ የጎደለው ሾፌር ነው። ካልታየ ማሽኑ ጠፍቶ ኬብሉ፣ አቀማመጡ ይፈተሽ። ኤም2 የተባለው ቀጭን ዲስክ ሁለት ዓይነት አለው፤ የሳታውን ዓይነት ኤንቪኤምኢ ብቻ በሚቀበል ቦታ ብትሰኩት ይገባል እንጂ አይሠራም። ከዚያ ሌላ ማሽን ላይ ይሞከር።

ሁለተኛ፦ ሳይጫን ከፍላሽ በሚነሳ ሊኑክስ ኮምፒውተሩን አስነሱ። አዳዲሶቹ ቪኤምዲን ያውቁታል። ዲስኩ እዚያ ከታየ ክርክሩ አለቀ። ፋይሉን በውጭ ዲስክ ገልብጡ፤ ሌላው ሁሉ ከዚያ በኋላ ይደርሳል።

ሦስተኛ፦ የላፕቶፑ አምራች ድረ ገጽ ላይ የሞዴሉን የኢንቴል ማከማቻ ሾፌር አውርዱ። ያወረዳችሁት ፋይል እንዳለ አይሠራም፤ ሌላ ኮምፒውተር ላይ ተበትኖ ፎልደሩ ፍላሽ ላይ መቀመጥ አለበት። ከዚያ ባዶው ገጽ ላይ «ሾፌር ጫን» የሚለውን ተጭናችሁ ፎልደሩን ማሳየት ነው። ዲስኩ ብቅ ይላል።

አራተኛ፦ ቪኤምዲን ባዮስ ውስጥ ማጥፋትም ዲስኩን ያሳያል። ግን ቀድሞ የተጫነው ዊንዶውስ ከዚያ በኋላ ላይነሳ ይችላል፤ ዲስኩ በቢትሎከር የተቆለፈ ከሆነም የማስመለሻ ቁልፍ ይጠይቃል። ቁልፉ ከሌለ ፋይሉ እያለ እንደሌለ ነው። ስለዚህ ይህ የመጨረሻው እንጂ የመጀመሪያው እርምጃ አይሁን።

አምስተኛ፦ «ክሊን» የሚለውን ትእዛዝ የሚወድ ባለሙያ አለ። ዲስኩ ከታየ በኋላ ጫኙ የክፍፍሉን ዓይነት አልወድም ሲል፣ በአንድ ቃል ክፍፍሉን ሁሉ ያጠፋል። ያቺ ቃል ከመጻፏ በፊት ደንበኛው በግልጽ ይጠየቅ፦ ውስጡ የሚፈለግ ነገር አለ?

እርግጥ የሚሞት ዲስክም አለ። ጠቅ ጠቅ የሚል ድምፅ የሚያሰማ የድሮ ዓይነት ዲስክ ቶሎ ይጥፋ፤ ደጋግሞ ማስነሳት ጉዳቱን ያብሰዋል። ኤስኤስዲ ደግሞ ያለ ምንም ድምፅ ይሞታል። ግን የሞት ፍርድ የሚሰጠው ከምርመራው በኋላ ነው።

ዋጋው የማን ነው?

ይህ የጥገና ቤት ጉዳይ ብቻ አይደለም። በፍርድ ቤቶቻችን ዙሪያ ያሉትን ራፖር ጸሐፊዎችና የኮምፒውተር ጽሕፈት ቤቶች አስቡ። ክስ፣ መልስ፣ ይግባኝ፣ ውል የሚጻፈው አንዲት ኮምፒውተር ላይ ነው። በሥነ ሥርዓት ሕጉ ይግባኝ የሚቀርበው ፍርዱ በተሰጠ በ60 ቀን ውስጥ ነው። በ58ኛው ቀን ኮምፒውተሩ «ፎርማት» ይደረግ ተብሎ ዲስኩ «ሞቷል» ቢባል፣ የሚጎዳው ኮምፒውተር የማያውቀው ባለጉዳይ ነው። የኤሌክትሮኒክ ግብይት ዐዋጅ ቁጥር 1205/2012 ለኤሌክትሮኒክ መልእክት ሕጋዊ ዕውቅና ሰጥቷል። የግል ዳታ ጥበቃ ዐዋጅ ቁጥር 1321/2016 ደግሞ የሰው ዳታ የሚይዝ አካል ደኅንነቱን እንዲጠብቅ ግዴታ ይጥላል። ሕጉ ፋይሉን እንደ ሰነድ አይቶታል፤ የእኛ እጅ ግን ገና እንደ ዕቃ ነው የሚያየው።

ስለዚህ ሦስት ነገር እንላለን። የሙያ ማሠልጠኛዎቻችን የሃርድዌርና ኔትወርክ ሠልጣኝን ሲፈትኑ፣ መጫን መቻሉን ብቻ ሳይሆን ሳይጭን መመርመር መቻሉንም ይፈትኑ። መሥሪያ ቤቶች ማሽን ሲገዙ የሾፌሩን ፎልደር ከማሽኑ ጋር ይረከቡ፤ የቢትሎከር ቁልፉንም በወረቀት አትመው ያስቀምጡ። ደንበኛም «ፎርማት» የሚለውን ቃል ከማውጣቱ በፊት ሁለተኛ ቅጂ ይኑረው፤ ሁለተኛ ቅጂ የሌለው ፋይል በአንድ ክር የተንጠለጠለ ነው።

ባለሙያዎቻችንን ለመውቀስ አይደለም። ብዙዎቹ ያለ መጽሐፍ፣ ያለ መለዋወጫ፣ በራሳቸው ጥረት የተማሩና ሌላው ዓለም የሚጥለውን ማሽን አስነስተው የሚያሠሩ ናቸው። የሚጎድለው የሥራ ቅደም ተከተል ነው፤ እሱ ደግሞ ዶላር አያስፈልገውም። ባዶ ገጽ ያየ ባለሙያ «ሞቷል» ከማለቱ በፊት ሁለተኛ መጥሪያ ይላክ።

ይህን ጽሑፍ ኮምፒውተር ለሚጠግን ወዳጃችሁና በአንድ ላፕቶፕ ለሚተዳደር ቢሮ አጋሩት። የተለየ ልምድ ያላችሁም ከታች ጻፉልን።