የሔሴዋ ልዕልት ኤልሳቤጥ

በ1905 በፌብሩዋሪ 17 ቀን በሞስኮ ከተማ፥ በክሬምሊን ቅጥር ውስጥ የቦምብ ድምፅ ተሰማ። (በዚህ ጽሑፍ ያለው ዘመን ሁሉ በኤውሮጳውያን አቆጣጠር ነው።) እስከዚያ ዓመት መግቢያ ድረስ የሞስኮ አገረ ገዥ የነበረው መስፍኑ ሰርግዮስ በሰረገላው ውስጥ እንዳለ ተበጣጥሶ ሞተ። ሚስቱ ኤልሳቤጥ ድምፁን ሰምታ ከቤት ወጣች፤ በበረዶው ላይም ተንበርክካ የባልዋን ሥጋ በገዛ እጅዋ ትሰበስብ ጀመር።

ይህች ሴት በትውልድዋ ጀርመናዊት ነበረች። በ1864 በዳርምሽታት ተወለደች፤ አባትዋ ኋላ የሔሴ ታላቅ መስፍን የሆነው ሉድቪግ፥ እናትዋም የእንግሊዝ ንግሥት የቪክቶሪያ ልጅ አሊስ ናት። በ1878 ዲፍቴሪያ የሚባለው የጉሮሮ በሽታ ወደ ቤታቸው ገብቶ እናትዋንና አንዲት ታናሽ እኅትዋን ገደለ። መልክዋ በኤውሮጳ ሁሉ ይወራ ነበርና፥ ኋላ የጀርመን ንጉሠ ነገሥት የሆነው ዊልሄልም በተማሪነቱ ጊዜ ሊያገባት ተመኝቶ ነበር። እርስዋ ግን በ1884 የመስኮቡን መስፍን ሰርግዮስን አገባች። ልጅ ስላልወለዱ የሰርግዮስን የወንድሙን ልጆች ማርያንና ዲሚትሪን አሳደጉ። በ1888 ባልና ሚስቱ ወደ ኢየሩሳሌም ወርደው፥ በደብረ ዘይት ግርጌ በጌቴሴማኒ የተሠራው የመግደላዊት ማርያም ቤተ ክርስቲያን ሲባረክ ተገኙ። ሃይማኖትዋን እንድትለውጥ ያስገደዳት ሰው አልነበረም፤ በ1891 አባትዋ እያዘነ በገዛ ፈቃድዋ ከሉተር ሃይማኖት ወደ ኦርቶዶክስ ገባች።

ሰርግዮስ በአገዛዙ ጽኑ ሰው ነበረ። በ1891 ብዙ ሺህ አይሁድ ከሞስኮ የተባረሩት በእርሱ ሹመት ጊዜ ነውና የሚጠላው ብዙ ነበረ። ይህን ሳያነሡ የኤልሳቤጥን ምሕረት ብቻ መተረክ ታሪኩን ማጉደል ይሆናል።

ገዳዩ ኢቫን ካልያዬቭ የሚባል የሃያ ሰባት ዓመት ጎልማሳ ነው። ይህ ሰው ከሁለት ቀን አስቀድሞ ቦምቡን ይዞ በመንገድ ቆሞ ሳለ፥ በሰረገላው ውስጥ ኤልሳቤጥንና ሁለቱን ልጆች ቢያይ እጁን መለሰ። እንግዲህ እርስዋ በዚያ ቀን በሕይወት የተረፈችው ኋላ ባልዋን በገደለው ሰው ርኅራኄ ነው። ሰርግዮስም በሞተ በሦስተኛው ቀን ወደ ወህኒ ቤት ሄዳ ከካልያዬቭ ጋር ተነጋገረች፤ ቅዱስ ሥዕልም ሰጠችው። ንጉሠ ነገሥቱ ኒቆላዎስም እንዲምረው ለመነች። ካልያዬቭ ሥዕሉን ተቀበለ፥ በሥራው ግን አልተጸጸተም። እንዲያውም ንስሓ ገባ ተብሎ በተወራ ጊዜ ተቈጥቶ የወቀሳ ደብዳቤ ጻፈላት፤ በዚያው ዓመት በሜይ ወር ተሰቅሎ ሞተ። ይቅርታዋ ምላሽ አላገኘም ቢባል እውነት ነው፤ ነገር ግን ምላሽ ስትጠብቅ አልታየችም። ሰርግዮስ በወደቀበት ስፍራ መስቀል ቆመ፤ በእርሱም ላይ ጌታ በመስቀል ሳለ ስለ ሰቃዮቹ የጸለየው ቃል ተጻፈ።

ከዚህ በኋላ ጌጥዋን ሁሉ ሸጠች። በሞስኮም ቦልሻያ ኦርዲንካ በሚባለው መንገድ ቦታ ገዝታ በ1909 የማርታና የማርያም ማኅበር የሚባለውን ቤት ከፈተች። በውስጡ ሐኪም ቤት፥ መድኃኒት ቤት፥ የድኾች መመገቢያና የሙት ልጆች ማሳደጊያ ነበረ። ቤተ ክርስቲያኑን የሠራው አሌክሲ ሽቹሴቭ ነው፤ ይኸው ሰው ኋላ የሌኒንን መቃብር የሠራ መሆኑ ያስደንቃል። የኤልሳቤጥ አሳብ የቀድሞዎቹን ዲያቆናውያት ሴቶች ሥርዓት ለመመለስ ነበር፤ እኅቶቹም ጸሎትንና ድኻን ማገልገልን አንድ አድርገው ይይዙ ነበር እንጂ እንደ መነኮሳዪያት ለዘወትር አይሳሉም ነበር። ስለዚህ ከጳጳሳቱ አንዳንዶቹ ይህ ነገር የፕሮቴስታንት ሽታ አለው ብለው ተቃወሙአት።

ጦርነቱ በ1914 ሲጀመር ትውልድዋ ዕዳ ሆነባት። በ1915 የሞስኮ ሕዝብ በጀርመኖች ላይ በተነሣ ጊዜ፥ ቍስለኞቹን ስታክም የኖረችው ሴት ጀርመናዊት ተብላ ተሰደበች። በ1916 መጨረሻም ወደ እኅትዋ ወደ ንግሥቲቱ አሌክሳንድራ ሄዳ ስለ ራስፑቲን ብትመክራት፥ እኅትዋ አልሰማችም፤ ከዚያ ወዲያም አልተያዩም። ጥቂት ቀን ቈይቶ ራስፑቲን ሲገደል ያሳደገችው ዲሚትሪ ከገዳዮቹ አንዱ ነበረ፤ እርስዋም ደስታዋን በቴሌግራም ገለጠች። የባልዋን ገዳይ ይቅር ያለች ሴት ይህን ማድረግዋ ከቀድሞው ሥራዋ ጋር አይስማማም። ዘውዱ የሚድን መስሎአት ነበር፤ ዘውዱ ግን ሦስት ወር እንኳ ሳይሞላ ወደቀ።

ከአገር እንድትወጣ ጀርመኖች መንገድ ሊከፍቱላት ቢፈልጉም እኅቶቹንና በሽተኞቹን ትቼ አልሄድም አለች። በ1918 በፋሲካ ሳምንት ተይዛ በኡራል ወደሚገኘው ወደ አላፓየቭስክ ተወሰደች። ቫርቫራ የምትባል እኅት ነጻ መውጣት ስትችል ከእርስዋ አልለይም ብላ አብራት ሄደች። በጁላይ 18 ቀን ሌሊት ሁለቱን ከስድስት ወንዶች ጋር ከከተማው ውጭ ወዳለ የተተወ የማዕድን ጉድጓድ ወስደው፥ ከአንዱ በቀር ሁሉንም ከነሕይወታቸው ወረወሩአቸው፤ በላያቸውም የእጅ ቦምብ ጣሉ።

በበልግ የቦልሼቪኮች ተቃዋሚዎች ከተማውን ሲይዙ ሬሳዎቹን አወጡ፤ ወደ ኋላም ሲያፈገፍጉ ወደ ምሥራቅ ይዘዋቸው ሄደው ፔኪን አደረሱአቸው። ከዚያም የኤልሳቤጥና የቫርቫራ ሬሳ በመርከብ ተጭኖ በ1921 ኢየሩሳሌም ደረሰ፤ በዚያው በጌቴሴማኒ በመግደላዊት ማርያም ቤተ ክርስቲያን ተቀበሩ። በውጭ አገር ያለችው የመስኮብ ቤተ ክርስቲያን በ1981፥ የሞስኮው መንበረ ፓትርያርክም በ1992 ከቅዱሳን ቈጠሩአት። በክሬምሊን የቆመውን መስቀል በ1918 ቦልሼቪኮች አፍርሰውት ነበር፤ በ2017 በስፍራው እንደ ገና ቆመ።