ከንፈር ይሰፋል፤ ላልቶም ጠብቆም

የዛሬው ትንሽ ረዘም ይላል፤ ቡናችሁን ይዛችሁ ተቀመጡ።

ሰሞኑን ከድሮ ተማሪዎቼ አንዷ በውስጥ መስመር ጻፈችልኝ። ከንፈሯን ተበስታ ነበር፤ ለሥራ ብላ ጌጡን ስታወልቀው ቀዳዳው ተደፈነ። አሁን ድጋሚ ልትበሳ አስባለች። ቤት ውስጥ ግን «ይሄ የፈረንጅ ነው፣ የኛ አይደለም» ተባለች። «ቲቸር፣ እውነት የፈረንጅ ነው?» ትለኛለች። ፈቅዳልኝ ነው የማነሳው። ተበሺ ወይም አትበሺ ማለት የኔ ሥራ አይደለም፤ የታሪኩን ጥያቄ ግን ልመልስ።

መልሱ አጭር ነው፦ አይደለም። እንዲያውም ፈረንጅ ለረጅም ዘመን ከንፈር መበሳትን ሲያይ ሲጸየፍና ሲስቅ ነው የኖረው።

ከጥንቱ እንጀምር። በደቡብ ምሥራቅ ቱርክ ቦንጁክሉ ታርላ የሚባል የቁፋሮ ቦታ አለ። እ.ኤ.አ. በ2024 የታተመ ጥናት እንደሚለው እዚያ ከ11,000 ዓመት ገደማ በፊት በተቀበሩ ሰዎች አፅም ላይ፣ ጆሮና አገጭ አካባቢ፣ ከድንጋይ የተሠሩ ትንንሽ ጌጦች ተገኝተዋል። የታችኛው ጥርሳቸው ደግሞ ጌጥ ሲፈትገው የኖረ ጥርስ ነው። የሚገርመው ምን መሰላችሁ? ጌጦቹ የተገኙት ከአዋቂዎች ጋር ብቻ ነው። ሕፃናቱ አልተበሱም። ስለዚህ ገና ከጅምሩ የተበሳ ከንፈር «አድጌያለሁ» ማለት ነበር ብለን ብንገምት አንሳሳትም።

ወደ ሜክሲኮ ስንሻገር አዝቴኮችን እናገኛለን። በእነሱ ዘንድ የከንፈር ጌጥ የመኳንንትና በጦር ሜዳ የተመሰከረላቸው ጀግኖች ነበር። ኒው ዮርክ በሚገኘው ሜትሮፖሊታን ሙዚየም ውስጥ በእባብ ቅርጽ የተሠራ አንድ የወርቅ የከንፈር ጌጥ አለ፤ ባለቤቱ ሲንቀሳቀስ የእባቡ ምላስ እንዲወዛወዝ ተደርጎ ነው የተሠራው። እስቲ አስቡት፣ እንዲህ ያለ ሰው ፊታችሁ ቆሞ ሲያናግራችሁ!

በአላስካ ጠረፍ የሚኖሩት የትሊንጊት ሴቶች ደግሞ በታችኛው ከንፈራቸው ከእንጨት የተሠራ ጌጥ ያደርጉ ነበር። ጌጡ የነፃ ሴት ምልክት ነው፤ ባሪያ የሆነች ሴት አታደርገውም። እ.ኤ.አ. በ1786 እዚያ የደረሰው ፈረንሳዊው መርከበኛ ላ ፔሩዝ ነገሩን በጣም ነበር የተጸየፈው። ግን አንድ ነገር ልብ ብሏል። ሴቶቹን ጌጡን አውልቁ ሲሏቸው፣ የአውሮፓ ሴት ጡቷ ሲገለጥባት እንደምታፍረው ያለ እፍረት ነበር ያፈሩት። ለእሱ አስቀያሚው ጌጡ ነው፤ ለእነሱ ነውሩ ያለ ጌጥ መታየት ነው። በኋላ ነጋዴውም ሚስዮናዊውም እየበዛ ሲመጣ ልማዱ በ19ኛው ክፍለ ዘመን ውስጥ እየጠፋ ሄደ።

አሁን ወደ ቤታችን እንግባ። በኦሞና በማጎ ወንዞች መካከል ሙርሲዎች አሉ፤ እነሱ ራሳቸውን «ሙን» ነው የሚሉት። ከኦሞ ማዶ በምዕራብ በኩል ደግሞ ሱሪዎች። ልጅቷ 15 ወይም 16 ዓመት ገደማ ሲሆናት እናቷ ወይም ሌላ የሰፈሩ ሴት የታችኛውን ከንፈሯን ትበጣዋለች። ቁስሉ እስኪድን ድረስ፣ ማለትም ሦስት ወር ያህል፣ ቀዳዳው በእንጨት ውታፍ ተይዞ ይቆያል። ከዚያ ውታፉ በተለቀ ውታፍ እየተተካ ከንፈሩ ይሰፋል። ብዙ ጊዜ የታችኛው የፊት ጥርስም ይወልቃል። ምን ያህል ይስፋ የሚለውን የምትወስነው ራሷ ልጅቷ ናት፤ አንዳንዷ ስፋቱ 12 ሴንቲ ሜትርና ከዚያ በላይ የሆነ የሸክላ ገል እስክትይዝ ድረስ ትጸናለች። ገሉ ሁልጊዜ አይደረግም። ለባሏ ምግብ ስታቀርብ፣ ላም ስታልብ፣ ሠርግና የዱላ ፍልሚያ ሲኖር ነው። ባጭሩ የክብር ልብሷ ነው።

እዚህ ላይ አስጎብኚውም ሚዲያውም፣ አንዳንዴ እኛ መምህራንም የምንደጋግማቸው ሁለት ወሬዎች አሉ።

አንደኛው «ባሪያ ፈንጋይ እንዳይወስዳቸው ራሳቸውን ለማስቀየም የጀመሩት ነው» የሚለው ነው። በ19ኛው ክፍለ ዘመን መጨረሻና በ20ኛው መጀመሪያ በማጂ አካባቢ የነበረው የባሪያ ፍንገላ እውነት ነው፤ አገር ባዶ ያደረገ ግፍ ነው፤ ልንክደው አይገባም። ግን እስቲ እንጠይቅ። ፈንጋዩ ሕፃናትንም ይወስድ ነበር፤ ታዲያ ለምን እስከ 15 ዓመት ይጠበቃል? ለማስቀየም ከሆነስ ለምን በሠርግ ቀን ይደረጋል? ትሊንጊቶች ዘንድ ደግሞ ነገሩ የተገላቢጦሽ መሆኑን አሁን አይተናል። ከ1960ዎቹ (እ.ኤ.አ.) መጨረሻ ጀምሮ ሙርሲዎችን ያጠናው አንትሮፖሎጂስቱ ዴቪድ ተርተንም ይህን ወሬ አይቀበለውም።

ሁለተኛው «ገሉ በሰፋ ቁጥር የጥሎሹ ከብት ይበዛል» የሚለው ነው። ይህም አይሠራም። ብዙ ጋብቻ ከንፈሩ ሳይበጣ በፊት በቤተሰብ መካከል ያለቀ ነው። ዋጋው ቀድሞ ከታወቀ የገሉ ስፋት ምን ሊጨምር ነው?

ታዲያ ወሬዎቹን ለምን ወደድናቸው? ሁለቱም ልጅቷን ዕቃ ስለሚያደርጓት ይመስለኛል። በአንዱ የሚሰረቅ ዕቃ ናት፣ በሌላው የሚሸጥ። «አምሮብኛል፣ አድጌያለሁ፣ ሰው ነኝ» ብላ ልታስብ እንደምትችል ሁለቱም አያስቡም።

በዕቃ የመታየት ታሪክ ደግሞ ረጅም ነው። እ.ኤ.አ. በ1930 የአሜሪካው ሪንግሊንግ ብራዘርስ ሰርከስ ከመካከለኛው አፍሪካ ከንፈራቸው የሰፋ ሴቶችን ወስዶ «የኡባንጊ አረመኔዎች» እያለ በትኬት አሳያቸው። «ኡባንጊ» የሕዝባቸው ስም እንኳ አልነበረም። የሰርከሱ የማስታወቂያ ሰው ካርታ ላይ አይቶ ለጆሮ ስለጣመው ነው የለጠፈባቸው። ዛሬ ደግሞ ቱሪስቱ ከጂንካ በመኪና ይመጣል፣ በፎቶ ሒሳብ ይከፍላል፣ ይመለሳል። ሴቶቹም ፎቶው እንዲፈለግ በአዘቦት ቀን የማያደርጉትን ቀንድና ቅርጫት ጭምር ራሳቸው ላይ ይጭናሉ። ሆኖም ሁሉም ከንፈር እኩል አይታይም። የብራዚሉ የካያፖ ሕዝብ መሪ ራኦኒ ሜቱክቲሬ የከንፈር ገሉን አድርጎ ነው ዓለምን የዞረው። ጥር 1 ቀን 2023 (እ.ኤ.አ.) ፕሬዚዳንት ሉላ ሥልጣን ሲረከቡም አብሯቸው ወደ ቤተ መንግሥቱ የወጣው ያንኑ ገል አድርጎ ነው። ከንፈሩ ለመሪነቱ እንቅፋት አልሆነም።

አሁን ወደ ርዕሱ። «ይሰፋል»ን አላልታችሁ ስታነቡት ትልቅ መሆኑን፣ አጥብቃችሁ ስታነቡት በመርፌና በክር መገጣጠሙን ይናገራል። የኦሞ ሴቶች ከንፈር ሁለቱንም እያየ ነው። ትምህርት ቤት የገቡ፣ ሃይማኖት የቀየሩ፣ ከተማ መኖር የፈለጉ አንዳንድ ሴቶች ከንፈራቸውን በቀዶ ሕክምና ያሰፋሉ። ቀላል ነገር እንዳይመስላችሁ። ሐኪሙ የተለጠጠውን ትርፍ ሥጋ ቆርጦ፣ የውስጡን ስስ ቆዳ ለብቻ፣ ጡንቻውን ለብቻ፣ የውጩን ቆዳ ለብቻ መግጠም አለበት። ጡንቻው በደንብ ካልተገጠመ ምራቅ መያዝም፣ «በ»ን እና «መ»ን አጥርቶ መናገርም ያስቸግራል። የወለቀው ጥርስ ግን አይመለስም፣ ጠባሳውም ይቀራል።

ሕጋችን ሁለቱንም ወገን ይዟል። ሕገ መንግሥቱ በአንቀጽ 35 ሴቶችን ከጎጂ ልማድ ይጠብቃል፤ በአንቀጽ 91 ደግሞ ከሰብዓዊ ክብር ጋር እስካልተጋጩ ድረስ ባህሎች በእኩልነት እንዲያድጉ መንግሥትን ያዛል። መንጠላጠያው «ክብር» የሚለው ቃል ነው። የማን ክብር? በማን ዓይን?

እኔን የሚያሳስበኝ ይሄ ነው። የ15 ዓመት ልጅ ማለት የዘጠነኛ ክፍል ተማሪዬ ናት። ሰፈሯ ሆና አልበጣም ብትል እኩዮቿ ያሟታል፤ ተበጥታ ከተማ ስትገባ መንገደኛው ሁሉ ያፈጥባታል። ከዚህ ሌላ በስሟ የሚናገር ሁለት ዳኛ አለ፤ አንዱ «ባህል ነው፣ አትንኩት» ይላል፣ ሌላው «ኋላ ቀር ነው፣ ስፉት» ይላል። ሁለቱም እሷን አልጠየቁም። ምጣዱ የሷ ገላ ሆኖ ሳለ!

«እኛ ሰሜኖቹ እንዲህ የለብንም» የምትሉ ካላችሁ፣ ቀስ በሉ። እናቶቻችንና አያቶቻችን አንገታቸውን ተነቅሰዋል፤ ጥርሳቸው ነጭ እንዲመስል ድዳቸውን እየተወጉ በጥላሸት አጥቁረዋል። ያም ያማል፣ ያም ይደማል። ያኔ ቁንጅና ነበር፤ ዛሬ በሌዘር የሚያስጠፉት አሉ። እናት ሲነቀሱ አልተሳሳቱም፣ ልጅ ስታስጠፋም አልከዳችም። ጊዜ ነው የተለወጠው።

ለጠየቀችኝ ልጅና ለመሰሎቿ ደግሞ ትንሽ ባዮሎጂ፣ ምንም እንኳ የኔ ትምህርት ባይሆንም። የአፍ ውስጥ ቆዳ ቶሎ ይድናል፤ ለዚያ ነው አዲስ ቀዳዳ ጌጡ ሲወልቅ ቶሎ የሚደፈነው። ድጋሚ ለመበሳት የድሮው ቁስል ጨርሶ እስኪሽር መጠበቅ ይገባል፤ ጠባሳ ላይ መበሳት ይከብዳል። መርፌው አንዴ ብቻ የሚያገለግልና ከጀርም የጸዳ ይሁን፤ ሄፓታይተስም ኤች አይ ቪም በመርፌ ይተላለፋሉ። የጆሮ መብሻ ሽጉጥ ለከንፈር አይሆንም። መጀመሪያ የሚገባው ብረት እብጠቱን አስቦ ረዘም ያለ ነው፤ እብጠቱ ሲጎድል በአጭር ይቀየራል፣ አለዚያ ድድና ጥርስ ይጎዳል። ያው የቦንጁክሉ ታርላ ጥርስ ነው እንግዲህ፤ ከ11,000 ዓመት በኋላም ብረቱም ድንጋዩም ጥርስ መፈተጉን አልተወም።

ታሪክ ከንፈርን የመብሳትም የመስፋትም ፈቃድ አይሰጥም። የሚያስተምረን ግን አንድ ነገር አለ፦ ከንፈር የተበሳውም የተሰፋውም ባለቤቷ ስትናገር በተሰማበት ቦታ ሁሉ ትርጉም ነበረው፤ ሌላው ሲናገርላት ግን ወይ ሰርከስ ሆነ ወይ ፎቶ።

ጂንካ፣ ሃና ወይም ኪቢሽ ያስተማራችሁ፣ በነርስነት የሠራችሁ፣ በተለይ ደግሞ ከዚያ የመጣችሁ ወዳጆቼ፣ እስቲ ያያችሁትን ኮሜንት ላይ ጻፉልን። ከኔ የተሻለ የምታውቁት እናንተ ናችሁ። ለመሳቅ የሚመጣ ሰው ግን ይለፈን።