ድል፣ ልጅነትና የብሩክሊን ደጋፊዎች ትዝታ



የዛሬው ንግግሬ ስለ ቤዝቦል መሆኑን ማስታወቂያው ላይ ስታነቡ ግር ያላችሁ እንዳላችሁ ሰምቻለሁ። እኔም የስፖርት ሰው አይደለሁም። ርእሱን የመረጥሁት ለታሪክ ተመራማሪ አንድ የቆየ ጥያቄ ስለሚያነሣ ነው፦ በልጅነት የታየ ነገር በስተርጅና ሲተረክ ምን ያህል ምስክርነት ይሆናል? ዓመታቱን የምጠቅሰው በአውሮፓውያን አቆጣጠር ነው።

ኦክቶበር 4 ቀን 1955፣ ማክሰኞ ከቀትር በኋላ፣ ብሩክሊን ዶጀርስ የኒው ዮርክ ያንኪስን በገዛ ሜዳው፣ በያንኪ ስታዲየም፣ 2 ለ 0 አሸነፈ። ኳስ ወርዋሪው ጆኒ ፖድረስ 23 ዓመት ከሞላው ገና አራት ቀኑ ነበር። በስድስተኛው ኢኒንግ የዮጊ ቤራን ምት ኩባዊው ሳንዲ አሞሮስ ወደ ሜዳው ግራ ጠርዝ ሮጦ ባይቀልበው ኖሮ ውጤቱ ሌላ ሊሆን ይችል ነበር። ክለቡ ከዚያ በፊት ሰባት ጊዜ ለወርልድ ሲሪዝ ቀርቦ ሰባቱንም ተሸንፏል፤ ከ1941 እስከ 1953 የተሸነፈባቸው አምስቱ ሁሉም በያንኪስ እጅ ነበሩ።

ከዚህ ተነሥቶ የሚተረከው ታሪክ የታወቀ ነው። የብሩክሊን ልጆች የተሸናፊ ቡድን ልጆች ነበሩ፤ ፍቅራቸውም ድልን የማይጠብቅ ንጹሕ ፍቅር ነበር ይባላል። ይህን አተራረክ ለመቀበል ይቸግረኛል። ቡድኑ ከ1921 እስከ 1940 አንድም ጊዜ የናሽናል ሊግ አሸናፊ አልሆነም። ከ1941 እስከ 1956 ባሉት ዐሥራ ስድስት ዓመታት ግን ሰባት ጊዜ አሸንፏል። በ1947 ጃኪ ሮቢንሰንን አሰልፎ ጥቁሮችን ከትልቁ ሊግ ያገለለውን አጥር ያፈረሰውም ይኸው ቡድን ነው። እንግዲህ እነዚያ ልጆች ያደጉት ሽንፈት ውስጥ አልነበረም፤ በየዓመቱ ለማለት በሚቻል መልኩ እያሸነፈ፣ የመጨረሻዋን ደረጃ ብቻ በሚስት ቡድን ዙሪያ ነው። “በሚቀጥለው ዓመት ይታያል” የሚለው የታወቀ አባባላቸው ትርጉም የሚኖረው ለድል ለተቃረበ ሰው ነው። ሁልጊዜ የመጨረሻ ለሚወጣ ቡድን ደጋፊ ይህ ቃል ቀልድ ይሆናል።

ድል ልጅን የሚያስር መሆኑን በቁጥር ለማሳየት የሞከረ አለ። ሴት ስቲቨንስ-ዴቪዶዊትዝ የተባለው ተመራማሪ በ2014 የፌስቡክን መረጃ መርምሮ፣ ከኒው ዮርክ ሜትስ ወንድ ደጋፊዎች መካከል በ1961 እና በ1978 የተወለዱት በርከት ብለው አገኛቸው። ሜትስ ዋንጫ ያነሣው በ1969 እና በ1986 ነው። ቀንሱት፤ ሁለቱም ጊዜ ስምንት ዓመት ይመጣል። በሴቶች ዘንድ ግን ዝምድናው ይህን ያህል ጎልቶ አልታየም። ግኝቱን አልጠራጠርም፤ ነገር ግን የሚነግረን ማን ደጋፊ እንደ ሆነ እንጂ እንዴት እንደ ሆነ አይደለም። ቁጥሩ ቤት ውስጥ ገብቶ አያይም።

ቤት ውስጥ ለመግባት ሌላ ዓይነት ምንጭ ያስፈልጋል። የታሪክ ጸሐፊዋ ዶሪስ ከርንስ ጉድዊን በ1997 ባሳተመችው የልጅነት ማስታወሻዋ፣ አባቷ የጨዋታን መዝገብ አያያዝ እንዳስተማራት ትነግረናለች። አባት ሥራ ውሎ ሲመለስ፣ ልጅት ከሬዲዮ የሰማችውን ጨዋታ ከደብተሯ እያየች ከመጀመሪያው እስከ መጨረሻው ትተርክለታለች። ውጤቱ ሁሉ በማግሥቱ በጋዜጣ እንደሚወጣ አባት አልነገራትም፤ እርሷ ካልነገረችው ጨዋታው የጠፋ ይመስላት ነበር። በ1955 የዐሥራ ሁለት ዓመት ልጅ ናት። ድሉ ሲመጣ ፍቅሩ አስቀድሞ በየምሽቱ ተሠርቶ አልቋል። ካደገች በኋላ የቦስተን ሬድ ሶክስ ደጋፊ ሆነች፤ ቡድኑ ከ1918 በኋላ እስከ 2004 ድረስ ዋንጫ ያላነሣ መሆኑን ልብ ይሏል።

ታዲያ ድል ምን ይሠራል? በእኔ ግምት ድል ለትዝታ ቀን ይሰጠዋል። የብዙ ምሽቶች ጨዋታ በአንድ ማክሰኞ ላይ ይሰበሰባል፤ ሌሎቹ ምሽቶች ይደበዝዛሉ። የዓይን ምስክርን ቃል ስትቀበሉ ይህን አትርሱ።

አንድ ሌላ ነገር ደግሞ አለ። ቡድኑ በ1947 ከ1.8 ሚሊዮን በላይ ተመልካች ነበረው፤ በድሉ ዓመት በ1955 ግን ወደ ሜዳው የገባው 1.03 ሚሊዮን ያህል ብቻ ነበር። ቴሌቪዥን፣ ወደ ከተማ ዳርቻ የተደረገው ፍልሰት፣ ለመኪና ማቆሚያ ቦታ የሌለው ያረጀ ስታዲየም፤ ምክንያቱ ብዙ ነው። ዛሬ የሚያለቅሱለት ሁሉ ያን ጊዜ ትኬት ቢቆርጡ ኖሮ ብዬ አንዳንዴ አስባለሁ፤ ይህ ግን ልጆቹን መውቀስ ይሆናል፤ ትኬት የሚቆርጡት አባቶች ናቸውና።

በቅንፍ ያህል፣ የእኛን ሰዎች የሚነካ ነገር ላንሣ። የዋሽንግተን ቡድን ከተማውን የለቀቀው በ1971 ነው፤ እስከ 2005 ሌላ አልመጣም። የኢትዮጵያውያን ማኅበረሰብ በዚያ ከተማ የተስፋፋው በእነዚሁ ዓመታት ስለሆነ፣ ብዙ ልጆቻችን ያደጉት የከተማቸው የሚሉት የቤዝቦል ቡድን በሌለበት ነው። በ2019 ናሽናልስ ዋንጫ ሲያነሣ ስምንት ዓመት የሞላቸውን ከታላላቆቻቸው ጋር አነጻጽሮ የሚጠይቅ ተማሪ ከመካከላችሁ ቢገኝ ደስ ይለኛል።

ሴፕቴምበር 24 ቀን 1957 በኤቤትስ ፊልድ የመጨረሻው ጨዋታ ሲደረግ የተገኙት 6,702 ሰዎች ነበሩ። ቡድኑ ወደ ሎስ አንጀለስ ሄደ፤ በ1959ም እዚያ ዋንጫ አነሣ። ሜዳው በ1960 መፍረስ ሲጀምር፣ ግንቡን የመታው የብረት ኳስ የቤዝቦል ኳስ እንዲመስል ቀለም ተቀብቶ ነበር። በቦታው የመኖሪያ ሕንጻዎች ተሠሩ፤ በግድግዳቸውም ላይ ኳስ መጫወት ክልክል ነው የሚል ጽሑፍ ተለጠፈ።