ወንጌላዊ አንግሊካን

ወንጌላዊ አንግሊካን ማለት በአንግሊካን ቤተ ክርስቲያን ውስጥ ሆኖ የመጽሐፍ ቅዱስን ሥልጣን፣ የክርስቶስን የመስቀል ሞትና የእያንዳንዱን ሰው በእምነት መመለስ አጉልቶ የሚያስተምር ወይም የሚከተል ምእመን፣ ቄስ ወይም አጥቢያ ነው። በኢትዮጵያ «ወንጌላዊ» ሲባል ብዙውን ጊዜ የሚታሰበው እንደ መካነ ኢየሱስና ቃለ ሕይወት ያሉ የፕሮቴስታንት አብያተ ክርስቲያናት አባል ወይም የወንጌል ሰባኪ ነው። በአንግሊካኖች ዘንድ ግን ቃሉ ጳጳስ፣ የጸሎት መጽሐፍና የሕፃናት ጥምቀት ባሉበት በአንድ ቤተ ክርስቲያን ውስጥ የሚገኝን ወገን እንጂ የተለየ ቤተ እምነትን አያመለክትም። በዚህ ጽሑፍ ያሉት ዓመታት በሙሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።

መለያዎች

የታሪክ ምሁሩ ዴቪድ ቤቢንግተን በ1989 ባሳተመው መጽሐፍ የብሪታንያ ወንጌላውያንን በአራት ነገሮች ለይቷቸዋል፦

• መመለስ፦ ሰው ከኃጢአቱ ተመልሶ በግሉ ማመን አለበት።
• መጽሐፍ ቅዱስ፦ የእምነት ሁሉ መመዘኛ ነው።
• መስቀል፦ የትምህርቱ ማዕከል የክርስቶስ ሞት ነው።
• ተግባር፦ እምነት በስብከትና በበጎ ሥራ መታየት አለበት።

እነዚህ በባፕቲስቶችና በሜቶዲስቶችም ዘንድ ይገኛሉ። ወንጌላዊ አንግሊካኖች የሚለዩት ትምህርታቸው የቤተ ክርስቲያናቸው የራሷ ትምህርት ነው በማለታቸው ነው። ለዚህም በ1571 የጸደቁትን 39 የእምነት አንቀጾችና የ1662ቱን የጸሎት መጽሐፍ ይጠቅሳሉ።

በአጥቢያ ውስጥ

በወንጌላዊ አጥቢያ ስብከት ሰፊ ቦታ ይይዛል፤ የመጽሐፍ ቅዱስ ጥናት ቡድኖችም የተለመዱ ናቸው። ቅዱስ ቁርባን ብዙ ጊዜ «የጌታ እራት» ይባላል። አንግሎ ካቶሊክ በሚባለው ሌላው ወገን አጥቢያ ደግሞ ዕጣን፣ ያጌጠ ልብሰ ተክህኖና ለቄስ መናዘዝ ሊኖሩ ይችላሉ። ሁለቱም አጥቢያዎች በአንድ ጳጳስ ሥር ሊሆኑ ይችላሉ።

ታሪክ

ንቅናቄው ያደገው በ18ኛው ክፍለ ዘመን መነቃቃት ነው። መሪዎቹ ጆን ዌስሊና ጆርጅ ኋይትፊልድ የእንግሊዝ ቤተ ክርስቲያን ቄሶች ነበሩ። ዌስሊ በ1791 ከሞተ በኋላ ሜቶዲስቶች ራሳቸውን ችለው ሲወጡ ሌሎች ወንጌላውያን በውስጥ ቀሩ። ከእነዚህ አንዱ ቻርልስ ሲምዮን በ1782 በካምብሪጅ ቅድስት ሥላሴ አጥቢያ ሲሾም ምእመናኑ አልፈለጉትም፤ ሰሚ እንዳይቀመጥ የመቀመጫዎቻቸውን በሮች ቆለፉ። እርሱ ግን በ1836 እስኪሞት ድረስ፣ ለ54 ዓመታት እዚያው አገለገለ። በምክር ቤት ደግሞ ወንጌላዊው ዊልያም ዊልበርፎርስ የመራው ትግል የባሪያ ንግድን በ1807 በሕግ አስከለከለ።

የወንጌላውያኑ ቦታ በ1847 በይፋ ተፈተነ። የኤክሰተር ጳጳስ ሄንሪ ፊልፖትስ፣ ቄስ ጆርጅ ጎርሃም የተጠመቀ ሕፃን ሁሉ ያለ ቅድመ ሁኔታ ዳግም ይወለዳል የሚለውን ትምህርት ስላልተቀበለ ወደ አዲስ አጥቢያ አላዛውርም አለ። የቤተ ክርስቲያን ፍርድ ቤት ለጳጳሱ ቢፈርድም፣ ፕሪቪ ካውንስል የተባለው የዘውዱ አማካሪ ጉባኤ የዳኝነት ኮሚቴ በ1850 ለጎርሃም ፈረደ። በውሳኔው ወንጌላውያን በቤተ ክርስቲያኒቱ የመቆየት መብታቸው ሲረጋገጥ፣ በኋላ ካርዲናል የሆነው ሄንሪ ማኒንግ ግን በ1851 ወደ ካቶሊክ ቤተ ክርስቲያን ሄደ።

የመውጣትና የመቆየት ጥያቄ በ1966 እንደገና ተነሣ። የዌልሱ ሰባኪ ማርቲን ሎይድ ጆንስ በለንደን ጉባኤ ላይ ወንጌላውያን ከተቀላቀሉ ቤተ እምነቶች ወጥተው እንዲተባበሩ ሲጠራ፣ የጉባኤው ሰብሳቢ አንግሊካኑ ጆን ስቶት እዚያው ተቃወመው። በ1967 በኪል ዩኒቨርሲቲ የተሰበሰቡ ወንጌላዊ አንግሊካኖችም በቤተ ክርስቲያናቸው ውስጥ በሙሉ ተሳትፎ ለመቆየት ወሰኑ።

ከኢትዮጵያ ጋር ያለው ግንኙነት

ወንጌላዊ አንግሊካኖች በ1799 የመሠረቱት ቸርች ሚሽነሪ ሶሳይቲ የተባለው ማኅበር በ1830 ሳሙኤል ጎባትና ክርስቲያን ኩግለርን ወደ ኢትዮጵያ ላከ። የማኅበሩ የመጀመሪያ ሐሳብ አዲስ ቤተ ክርስቲያን ማቋቋም ሳይሆን የኦርቶዶክስ ቤተ ክርስቲያንን በመጽሐፍ ቅዱስ ከውስጥ ማነቃቃት ነበር። ሆኖም የሃይማኖት ክርክር ተነሥቶ ተከታዮቻቸው በ1838 ከትግራይ እንዲወጡ ተደረገ። የማኅበሩ ባልደረባ ዊልያም ጃውት ግን በ1820 አቡ ሩሚ የተባለው ኢትዮጵያዊ መነኩሴ የተረጎመውን የአማርኛ መጽሐፍ ቅዱስ ጽሑፍ በካይሮ ገዝቶ ነበር፤ ሙሉው መጽሐፍ በ1840 ታተመ።